ደም አንሶሻል ካሉሽ፣ ማን እንደወሰደው ጠይቂ

ደሴ ላይ አንድ ሰው «ደም አንሶኛል» ካለ ምክሩ ወዲያው ይዘንባል። ቀይ ስር ብላ። ጉበት ብላ። ቴምር በጠዋት በባዶ ሆድ። አብሽ በማር። አንዷ ጎረቤት ደግሞ የእህቷን ልጅ ያዳነላትን ሽሮፕ ስም ትነግርሃለች። ምክሩ ከልብ ነው። የወሎ ሰው ስትታመም አይቶ ዝም አይልም፤ «አብሽር» ብሎ ያጽናናህና ከራሱ ጓዳ አውጥቶ ይሰጥሃል። ግን በዚህ ሁሉ ምክር መሀል አንድ ጥያቄ ሲነሳ ብዙም አልሰማም። ደሙ የት ሄደ?

የምሠራው ላብራቶሪ ውስጥ ነው። ውሎዬ ከማይክሮስኮፕ፣ ከሰገራ ናሙናና ከደም ስላይድ ጋር ነው። ይህን የምጽፈውም ነገሩ ስለሚያሳዝነኝ ነው። በእኛ አካባቢ ደም ማነስ የምግብ ጉዳይ ብቻ ተደርጎ በመወሰዱ ሰው እየተጎዳ ነው። ከጀርባው ብዙ ጊዜ ጥገኛ ተሕዋስ አለ። መንጠቆ ትል ሊሆን ይችላል፣ ቢልሃርዚያ ሊሆን ይችላል፣ ወባ ሊሆን ይችላል፣ ካላዛር ሊሆን ይችላል። ደም የሚያሳንሱበት መንገድ ደግሞ አንድ አይደለም። ስለዚህ ለአንዱ የሚሠራው ለሌላው አይሠራም።

መጀመሪያ ደም እንዴት እንደሚሠራ ትንሽ እናውራ። ቀይ የደም ሕዋስ የሚሠራው አጥንት ውስጥ ነው፣ መቅኔ ውስጥ። የአዋቂ ሰው መቅኔ በየሰከንዱ ወደ 2 ሚሊዮን የሚጠጉ ቀይ ሕዋሳት ያወጣል። በየሰከንዱ ነው ያልኩት። አንዱ ሕዋስ 120 ቀን ያህል ያገለግልና ያረጃል። ያረጀውን በተለይ ጣፊያና ጉበት ለቅመው ያፈርሱታል፣ ውስጡ የነበረውን ብረት ግን አይጥሉትም፣ ተመልሶ ለመቅኔ ይደርሳል። ሰውነታችን ብረት ላይ በጣም ቆጣቢ ነው። ጠቅላላ ያለን ብረት ከ3 እስከ 4 ግራም ቢሆን ነው፣ ከዚህም ሁለት ሦስተኛው ያህል ደም ውስጥ ነው ያለው። ከምግብ በቀን ወደ ሰውነታችን የሚገባው 1 ወይም 2 ሚሊግራም ብቻ ነው። ይቺን ቁጥር ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

መቅኔው ምን ያህል ይሥራ የሚለውን የሚያዘው ኩላሊት ነው። ኦክስጅን ሲያንሰው ኤሪትሮፖይቲን የሚባል ሆርሞን ይለቃል፣ መቅኔውም ሥራ ይጨምራል። ለሥራው ደግሞ ብረት፣ ፎሊክ አሲድና ቫይታሚን ቢ12 ይፈልጋል።

የድግስ ቤት እንጀራ ጋጋሪ አስቡ። እንጀራው ሊጎድል የሚችለው በሦስት መንገድ ነው። ወይ ከምጣዱ እንደወጣ የሚያነሳው ሌላ ሰው አለ። ወይ ዱቄቱ አልቋል፣ አለዚያም ጓዳው ተቆልፎበታል። ወይ ጋጋሪዋ ራሷ ታማለች። ጥገኛ ተሕዋስያን ሦስቱንም ያደርጋሉ፤ አንዳንዱማ ሦስቱንም ባንድ ጊዜ።

ደም ከሚያፈሱት ልጀምር። መንጠቆ ትል ርዝመቱ 1 ሴንቲሜትር ገደማ ነው፣ ሲያዩት ቁራጭ ክር ነው የሚመስለው። የትንሹን አንጀት ግድግዳ በአፉ ነክሶ ይይዝና ደም ይጠጣል። የሚጠጣው ብቻ ቢሆን ባልከፋ። የነከሰበት ቦታ ደሙ እንዳይረጋ የሚያደርግ ነገር ስለሚለቅ፣ እሱ ቦታ ቀይሮ ሲሄድም የተወው ቁስል መድማቱን ይቀጥላል። ሰውን የሚያጠቁት ዋነኞቹ ሁለት ዓይነት ናቸው። ኔካቶር የሚባለው አንዱ ትል በቀን 0.03 ሚሊሊትር ያህል ደም ያሳጣል፤ አንድ ጠብታ እንኳ አይሞላም። አንኪሎስቶማ የሚባለው ግን እስከ 0.2 ሚሊሊትር ይደርሳል።

እስኪ እናስላው። ጤነኛ ሰው 1 ሚሊሊትር ደሙ ውስጥ ግማሽ ሚሊግራም ገደማ ብረት አለው። 100 ኔካቶር አንጀቱ ውስጥ የያዘ ሰው በቀን 3 ሚሊሊትር ደም ያጣል፣ ያ ማለት 1.5 ሚሊግራም ብረት ነው። ያዙልኝ ያልኳችሁ ቁጥር ስንት ነበረች? 1 ወይም 2። ስለዚህ ሰውየው ከበላው ያገኘው የዕለት ብረት ለትሉ ሄደ ማለት ነው። 100 አንኪሎስቶማ ከሆነ ደግሞ 20 ሚሊሊትር ደም፣ 10 ሚሊግራም ብረት። ከዚህ የተወሰነው እዚያው አንጀት ውስጥ ተመልሶ ይመጠጣል፣ ቢሆንም ይህን የሚተካ ቀይ ስር የለም። ቀይ ስር ጥሩ ምግብ ነው፣ አትብሉ አላልኩም። ቀይ ስለሆነ ብቻ ግን ደም አይሆንም።

መቅኔው በዚህ ጊዜ ጤነኛ ነው። ኩላሊት «ሥራ ሥራ» ይለዋል፣ እሱም ለመሥራት ዝግጁ ነው፣ ብረቱ ግን የለም። ያለውን አብቃቅቶ ትንንሽና የገረጡ ሕዋሳት ያወጣል። ስላይድ ላይ ሳያቸው ወዲያው ያስታውቃሉ። ጤነኛ ቀይ ሕዋስ መሀሉ ትንሽ ነጣ ይላል፣ ጠርዙ ሞላ ያለ ቀለም አለው። የእነዚህ ግን መሀላቸው ሙሉ በሙሉ ነጥቶ ቀለሙ ጠርዝ ላይ እንደ ቀጭን ቀለበት ብቻ ይቀራል፣ መጠናቸውም እኩል አይደለም፣ አንዳንዱ እንደ እርሳስ የረዘመ ነው። እንዲህ ያለ ስላይድ ሳይ የሰገራ ምርመራ ታዟል ወይ ብዬ ወረቀቱን አገላብጣለሁ።

አንዲት ነፍሰ ጡር እንዲህ ያለ ስላይድ ነበራት። ቤተሰቦቿ በቦርከና ሸለቆ ሽንኩርትና ቲማቲም በመስኖ ያለማሉ፣ እሷም ማሳው ውስጥ በባዶ እግሯ ነው የምትውለው። «እህቴ፣ አፈር ያሰኝሻል?» አልኳት። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። አማቷ ናቸው የመለሱልኝ። «ኧረ ልጄ፣ ግድግዳውን ጨረሰችው! ዝናብ ሲያርፍበት ሽታው አላስችል ይላታል» አሉ። እርግዝና ነው ብለው ነበር ያለፉት። አፈር፣ አመድ፣ በረዶ ማሰኘት የብረት እጥረት አንዱ ምልክት ነው፤ እርጉዝ ያልሆነ ሰው ላይም ይታያል። ሰገራዋ ውስጥ የመንጠቆ ትል እንቁላል ሞልቶ ነበር። እንቁላሉ ቆንጆ ነው፣ አለማድነቅ አይቻልም፤ ሞላላ፣ ቅርፊቱ እንደ መስታወት የጠራ፣ ውስጡ አራት ወይም ስምንት ሆኖ የተከፋፈለ ሕዋስ ይታያል።

ትሉ የሚገባው በብዛት በእግር ነው። ሜዳ ላይ ከተጸዳዳ ሰው እንቁላሉ አፈር ላይ ይወድቃል። ሞቃትና እርጥብ አፈር ካገኘ ይፈለፈላል፣ እጭ ሆኖ (ገና ያላደገ ትል ማለት ነው) ይጠብቃል፣ ባዶ እግር ሲያገኝ ቆዳውን በስቶ ይገባል። በጣቶች መሀል ያሳክካል፣ ከዚያ ይረሳል። እሱ ግን በደም ወደ ሳንባ ይሄዳል፣ ከሳንባ ወደ ጉሮሮ ይወጣል፣ ይዋጣል፣ አንጀት ይደርሳል። በቆዳ እንደሚገባ የታወቀው በአጋጣሚ ነው። አርተር ሎስ የሚባል ጀርመናዊ ተመራማሪ ካይሮ ውስጥ ሲሠራ እጭ የነበረበት ውሃ እጁ ላይ ፈሰሰበት፣ ቆዳው ቀላ፣ ከሳምንታት በኋላ የራሱን ሰገራ ሲመረምር እንቁላሉን አገኘ። ከዚያ በፊት እ.ኤ.አ. በ1880 አካባቢ ስዊዘርላንድ ውስጥ የጎታርድን የባቡር ዋሻ ይቆፍሩ የነበሩ ሠራተኞች እየገረጡ ሲወድቁ ምክንያቱ ይኸው ትል ሆኖ ተገኝቷል። ደሃ ገበሬን ብቻ የሚመርጥ በሽታ እንዳይመስላችሁ። ሙቀት፣ እርጥበትና ሽንት ቤት ማጣት አንድ ላይ ከመጡ የትም ይኖራል።

እዚህ ላይ ስለ ኮሶ አንድ ነገር ልበል። እኛ ጋ ትል ሲባል ሰው ቶሎ የሚያስበው ኮሶን ነው። ጥሬ ሥጋ ስለምንወድ፣ ኮሶም በዓይን ስለሚታይ። ኮሶ ረጅም ነው፣ ያስጠላል፣ መታከምም አለበት። ነገር ግን ደም አይጠጣም፤ አንጀት ውስጥ ያለውን ምግብ በቆዳው እየመጠጠ ነው የሚኖረው። ደም የሚያፈሰው አንጀት ውስጥ ተጣብቆ ስለሚቀር ሰገራ ላይ በዓይን የማይታየው ነው። «ኮሶ የለብኝም» ብሎ የሚኮራ ሰው ደሙን በመንጠቆ ትል እያጣ ሊሆን ይችላል።

ቢልሃርዚያም የእኛው ጉድ ነው። ሐይቅ ዳር ያደገ ልጅ ውሃው ውስጥ ሳይዋኝ አይውልም፣ ከሚሴ አካባቢም ከወንዙና ከመስኖ ቦዩ ጋር የሚውል ሰው ብዙ ነው። በውሃው ውስጥ ያለች ትንሽ ቀንድ አውጣ ትሉን ታሳድገዋለች፣ እሱም ውሃው ውስጥ የገባውን ሰው በቆዳው በኩል ያገኘዋል። አዋቂ ትሉ የሚኖረው በአንጀት ዙሪያ ባሉ የደም ሥሮች ውስጥ ነው፣ ቀይ ሕዋስም ይበላል። ዋናው ጉዳት ግን ከእንቁላሉ ነው። እንቁላሉ አንጀትን እየቀደደ ሲወጣ ያደማል፣ ወደ ጉበት የሄደው ደግሞ እዚያ ቁስል ይፈጥራል፣ ጉበቱ ይጠነክራል፣ ጣፊያ ያብጣል። ያበጠ ጣፊያ ጤነኛ የሆኑትን ቀይ ሕዋሳት ጭምር ይዞ ያስቀራል። ልጁ ሆዱ ትልቅ፣ እጅና እግሩ ቀጭን፣ ትምህርት ላይ የሚያንቀላፋ ይሆናል። «ሰነፍ ነው» ይባላል። አያናድድም?

ስለ ቢልሃርዚያ ሳወራ ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማን ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ባለው ውሃ ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው አዩ። ከዚያ ተነስተው ነው እንዶድ ቀንድ አውጣን እንደሚገድል ያሳዩት። እ.ኤ.አ. በ1989 ከዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ተቀብለዋል። እናቶቻችን ነጠላ ያነጡበት የነበረው እንዶድ ነው እንግዲህ።

ወደ ወባ እንምጣ። ወባ ለብቻው ብዙ ያስወራል፣ ምክንያቱም ከላይ ያልኳቸውን ሦስቱንም መንገዶች የሚጠቀም እሱ ነው። የወሎ መልክዓ ምድር ደግሞ ለዚህ ልዩ ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ብርድ ልብስ ደርበን እንተኛለን፣ ባቲ ወይም ቆቦ ወይም ከሚሴ ወርደን ደግሞ ወባ አገር ውስጥ እንገባለን። ለባቲ የሰኞ ገበያ ወርዶ አንድ ሌሊት ያደረ ነጋዴ ከሳምንት ሁለት ሳምንት በኋላ ደሴ ላይ ይንቀጠቀጣል። ደገኛ ወባን አይለማመድም፣ ሲይዘው ይበረታበታል። እ.ኤ.አ. በ1958 ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ከፍታ ያለውን ደጋማ አካባቢ ያዳረሰው የወባ ወረርሽኝ በአገራችን ወደ 3 ሚሊዮን ሰው አሞ 150,000 ያህል ሰው እንደገደለ ይገመታል። ከፍታ ላይ ያለ ሕዝብ ወባ ድንገት ሲደርስበት እንዲህ ነው የሚሆነው።

ሁሉም ሰው የሚያውቀው የወባ ተሕዋስ ቀይ ሕዋስ ውስጥ ገብቶ፣ ተባዝቶ፣ ሕዋሱን አፈንድቶ እንደሚወጣ ነው። ልክ ነው። ግን ይህ የታሪኩ ግማሽ ነው። በወባ ጊዜ ተሕዋሱ ያልገባባቸው ንጹህ ሕዋሳትም በብዛት ይፈርሳሉ። በተሕዋሱ ምክንያት ገጽታቸው ስለሚለወጥ ጣፊያ እንደ አሮጌ ቆጥሮ ያስወግዳቸዋል። ለዚህ ነው ስላይድ ላይ ጥቂት ተሕዋስ ብቻ እያየን የሰውየው ሄሞግሎቢን (ቀይ ሕዋስ ውስጥ ብረት ይዞ ኦክስጅን የሚሸከመው ነገር) በጣም ወርዶ የምናገኘው።

ሁለተኛው ግማሽ ማምረቻው ላይ ነው። ብዙ ደም ያጣ ሰው መቅኔው ፈጥኖ አዳዲስ ሕዋሳት ማውጣት ነበረበት። አዲሶቹ ሬቲኩሎሳይት ይባላሉ፣ ስንቆጥራቸው ከፍ ብለው መታየት አለባቸው። ወባ የያዘው ሰው ላይ ግን ብዙ ጊዜ የሚጠበቀውን ያህል አይሆኑም። ሰውነት ተሕዋሱን ለመዋጋት የሚለቃቸው ኬሚካሎች መቅኔውን ያዳክሙታል፣ ተሕዋሱ ሄሞግሎቢን በልቶ የሚጥለው ሄሞዞይን የሚባል ጥቁር ቡናማ ቆሻሻም የደም ሕዋሳት አፈጣጠርን ያውካል። እ.ኤ.አ. በ2014 ደግሞ ፋልሲፓረም የሚባለው የወባ ዓይነት ወደ ትንኝ የሚተላለፈው ዘሩ መቅኔ ውስጥ ተደብቆ እንደሚያድግ የሚያሳይ ጥናት ወጣ። እዚያው ደም የሚሠራበት ቦታ ላይ ማለት ነው! ይህን መጀመሪያ ሳነብ ደጋግሜ ነው ያነበብኩት።

ቫይቫክስ የሚባለው ሌላው የወባ ዓይነት ደግሞ የሚመርጠው ገና ከመቅኔ የወጡትን ወጣት ሕዋሳት ነው። መቅኔው የሠራውን ገና ከበር ሲወጣ ይይዘዋል። ከዚያም ጉበት ውስጥ ይተኛና ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ያለ ምንም አዲስ የትንኝ ንክሻ ይነሳል። ሰውየው ከመጀመሪያው ሳያገግም ሁለተኛው ይመጣበታል። ለጉበቱ የሚሰጠውን ፕሪማኪን «ትኩሳቱ ለቀቀኝ» ብለው ሳይጨርሱ የሚያቆሙ ብዙ ናቸው፣ ይህ በጣም ያሳስበኛል። ኪኒኑን ያለ ሐኪም ትዕዛዝ ደግሞ አትውሰዱ፣ ጂ6ፒዲ የሚባል ኢንዛይም የሚያንሳቸው ሰዎች ላይ ራሱ ደም ያፈርሳል፣ ለነፍሰ ጡርም አይሰጥም።

አሁን የተቆለፈው ጓዳ። ሰውነት ኢንፌክሽን ሲሰማው ጉበት ሄፕሲዲን የሚባል ሆርሞን ይለቃል። ሥራው ብረትን መቆለፍ ነው። አንጀት ከምግብ የወሰደውን ብረት ወደ ደም አያሳልፍም፣ ከአሮጌ ሕዋሳት የተለቀመውም እዚያው ተይዞ ይቀራል። ብልሃት አለው፤ ብዙ ጀርሞች ብረት ስለሚፈልጉ ሰውነት እየከለከላቸው ነው። ግን አብሮ መቅኔውም ይራባል። ስለዚህ በወባ ትኩሳት ላይ ያለ ሰው ጉበት ቢበላ፣ ኪኒን ቢውጥ፣ ብዙው አይገባለትም። ከዚያም የባሰ አለ። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ በዛንዚባር፣ ፔምባ ደሴት ላይ የተደረገ ትልቅ ጥናት ወባ በበዛበት አካባቢ ለሕፃናት ብረትና ፎሊክ አሲድ በጅምላ ሲሰጥ ሆስፒታል የሚተኙና የሚሞቱ እንደጨመሩ አሳይቷል። ከዚያ ወዲህ ነው ወባ ባለበት ቦታ ለሕፃናት ብረት ሲሰጥ ወባውን መከላከልና ማከም አብሮ ይሁን የተባለው። ልጃችሁ ትኩሳት እያለበት «ደም ይጨምርለት» ብላችሁ ሽሮፕ ከመግዛታችሁ በፊት ጣቱን አስወጉት፣ ወባ ይታይለት።

ጋጋሪዋን ራሷን የሚያሳምመው ካላዛር ነው። ወሎ ውስጥ ብዙ አይወራለትም፣ ምክንያቱም የሚያዘው እዚህ ሳይሆን በብዛት መተማና ሁመራ ቆላ ነው። ግን ለሰሊጥ አጨዳ ማን ነው የሚሄደው? የእኛ ልጆች ናቸው። መሬት የጠበበበት ወጣት ክረምቱ ሲወጣ ጓደኞቹን ይዞ ይወርዳል፣ ሌሊት ውጭ ያድራል፣ የአሸዋ ዝንብ ትነክሰዋለች። ይህች ዝንብ ከትንኝም ታንሳለች፣ ድምፅ የላትም። ከወራት በኋላ አገሩ ተመልሶ ይታመማል። ትኩሳት ይመላለስበታል፣ ይከሳል፣ በግራ ጎኑ በኩል ሆዱ ይነፋል፣ ይነስረዋል። ወባ ነው፣ ታይፎይድ ነው እየተባለ ከክሊኒክ ክሊኒክ ይዞራል። እ.ኤ.አ. በ2005 ሊቦ ከምከም ላይ ወረርሽኙ ሲነሳም በመጀመሪያ መድኃኒት የተላመደ ወባ ነው ተብሎ ነበር።

ሊሽማኒያ የሚባለው ይህ ተሕዋስ የሚኖረው ማክሮፌጅ በሚባሉ የመከላከያ ሕዋሳት ውስጥ ነው፤ ጣፊያ ውስጥ፣ ጉበት ውስጥ፣ መቅኔ ውስጥ። በመቅኔ ውስጥ ማክሮፌጅ ትልቅ ሥራ አለው። ወጣት ቀይ ሕዋሳት እሱን ከበው ነው የሚያድጉት፣ የሚንከባከባቸው እሱ ነው። እንግዲህ ያ ተንከባካቢ በተሕዋስ ተሞልቶ አስቡት። ጣፊያው ደግሞ እስከ እምብርት ወርዶ የወጣውን ይውጣል። በዚህ ምክንያት ቀዩ ብቻ አይደለም የሚያንሰው፤ ነጩም፣ ደም የሚያረጋው ፕሌትሌትም አብረው ይወርዳሉ። ሲቢሲ በሚባለው የደም ሕዋሳት ቆጠራ ውጤት ላይ ሦስቱም ወርደው ካየሁ፣ ሰውየውም ወጣት ወንድ ከሆነ፣ መጀመሪያ የምጠይቀው «ወንድሜ፣ መተማ ወርደህ ነበር?» ነው። አርኬ39 የሚባል ፈጣን የደም ምርመራ አለ፣ ካስፈለገም ከጣፊያ ወይም ከመቅኔ ናሙና ይወሰዳል። ካልታከመ ከ100 ሰው ከ95 በላይ ይገድላል። ከታከመ ይድናል። ልዩነቱ ሰውየው የት እንደነበረ መጠየቁ ላይ ነው የሚያርፈው፣ ስለዚህ ባይጠይቋችሁም ተናገሩ።

ስለ ከፍታም ትንሽ ልጨምር፣ ወሎ ላይ ስለምንኖር። ሄሞግሎቢን (በዴሲሊትር ደም በግራም ተለክቶ) ለወንድ ከ13፣ ላላረገዘች ሴት ከ12፣ ለነፍሰ ጡር ከ11 ገደማ ሲያንስ ደም ማነስ ይባላል። ይህ ግን ለባሕር ወለል ነው። ከፍ ባለ ቦታ አየሩ ስለሚሳሳ ኩላሊት መቅኔውን ሥራ ያበዛበታል፣ ስለዚህ የዓለም ጤና ድርጅት እንደ ከፍታው መነሻውን ከፍ አድርጉ ይላል። በዚህ ስሌት ደሴ ላይ 12.5 ያላት ሴት «ደህና ነሽ» መባል ላይኖርባት ይችላል። ነገሩ ግን ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጥናት ሰሜን ተራራ አካባቢ 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ አማሮች ሄሞግሎቢናቸው በደቡብ አሜሪካ አንዲስ ተራራ ላይ እንደሚኖሩ ሰዎች በጣም ከፍ እንደማይል አሳየ፤ እዚያ ከፍታ ላይ ሆነው እንኳ ቁጥራቸው ከባሕር ወለል ሰው ብዙም አይርቅም። ስለዚህ ለደገኛ ኢትዮጵያዊ የትኛው ቁጥር ልክ ነው የሚለው ክርክር ያለበት ነው። እኔ በግሌ ቁጥሯን ብቻ ይዤ አልፈርድም፤ ሕዋሱን በዓይኔ ሳይ፣ ሰውየው ሲደክመው ሰምቼ፣ ከየት እንደመጣ ጠይቄ ነው የሚገባኝ።

ለምርመራ ስትመጡ እነዚህን አስቡልኝ። የሰገራ ናሙና ትኩስ ይሁን። ማለዳ ወስዳችሁ ከሰዓት የምታመጡት ናሙና አያስተማምንም። የመንጠቆ ትል እንቁላል ካቶ ካትዝ በሚባለው ስላይድ ላይ ከተዘጋጀ ከ30 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ባለው ጊዜ ካልታየ ይጠፋል፣ አለ ግን አይታይም፣ «ነጻ ነህ» ትባላለህ። ከሜዳ አፈር ጋር አትቀላቅሉት፣ ሽንት አይግባበት። አንድ ጊዜ ነጻ ሆኖ ምልክቱ ካልለቀቀ ይደገም፣ እንቁላሉ በየቀኑ እኩል አይወጣም።

መንጠቆ ትል ከተገኘ አልቤንዳዞል 400 ሚሊግራም አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል፣ ለነፍሰ ጡር ከመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት በኋላ ነው የሚሰጠው። ለቢልሃርዚያ ፕራዚኳንቴል ነው፣ በኪሎ ተለክቶ። ትምህርት ቤት ለልጆች ኪኒን ሲታደል «ልጄን ያሳምምብኛል» ብላችሁ አታስቀሩ፤ ምግብ በልቶ ይሂድ፣ ይውጥ። ግን ትሉን መግደል ባዶ የቀረውን የብረት ጓዳ አይሞላም። ደም ማነሱ ከታወቀ አይረን የሚባለው የብረት ኪኒን አብሮ መሰጠት አለበት። ሰው ብዙ ጊዜ ከሁለቱ አንዱን ብቻ ነው የሚወስደው። አይረን ብቻ የወሰደው ትሉን ይቀልባል፣ የትል መድኃኒት ብቻ የወሰደው ለወራት ገርጥቶ ይከርማል።

አይረኑን ከቡና ጋር አትውሰዱ። አውቃለሁ፣ ወሎ ላይ ይህን ማለት ከባድ ነው፣ አቦል በረካ ሳይባል ጠዋት አይነጋም። ቡና ይቅር አላልኩም። ቡናና ሻይ ብረቱን አንጀት ውስጥ ይይዙታልና በመሀል አንድ ሁለት ሰዓት ይኑር። በሎሚ ወይም በብርቱካን ጭማቂ ቢወሰድ ይሻላል። ሰገራ ያጠቁራል፣ ከዚያ የተነሳ አትደንግጡ። መቅኔው ብረት ሲያገኝ ፈጣን ነው፣ በሳምንት ገደማ ውስጥ አዳዲስ ሕዋሳት ስላይድ ላይ መታየት ይጀምራሉ፣ ሄሞግሎቢኑም በአንድ ወር ገደማ በደንብ ከፍ ይላል። ብዙ ሰው ልክ እዚህ ላይ፣ ድካሙ ሲለቀው፣ ኪኒኑን ያቆማል። አታቁሙ። ሄሞግሎቢኑ ከተስተካከለ በኋላም መጠባበቂያው እንዲሞላ ወደ ሦስት ወር ያህል መቀጠል ያስፈልጋል። ወር ሙሉ በትክክል ወስዳችሁ ምንም ካልጨመረ ደግሞ ሌላ ዓይነት ኪኒን ከመግዛታችሁ በፊት ተመልሳችሁ ኑ፤ ወይ ደሙ አሁንም እየፈሰሰ ነው፣ ወይ ሌላ ኢንፌክሽን ብረቱን ቆልፎታል፣ ወይ መቅኔው ራሱ መታየት አለበት።